ለአፍ ዳገት የለውም

አርሲ የሰዓት አገር ነው። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ የተመዘገበ ነገር ስለሆነ ነው። የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ በ1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ 10 ሺህ ሜትር ሮጦ የጨረሰው በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ነው። ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. ኦስሎ ላይ 5 ሺህ ሜትሩን በ14 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገላገለችው። ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ኦሊምፒክ ላይ ያንን ወርቅ ስታጠልቅ 25 ዙር ለመዞር 31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ በቅቷታል። ዓለም የሚያውቀን እንዲህ፣ የሰከንድ ሽራፊ እንኳ ሳይቀር እየተቆጠረልን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሁሩታ ልውሰዳችሁ። ሁሩታ አርሲ ውስጥ የሎዴ ሂጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከአዳማ ወደ አሰላ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ገባ ብላ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ፣ በስንዴና በገብስ ማሳ ተከባ የተቀመጠች። እዚህ የእድራችን ዳኛ የወሩን ስብሰባ ለመክፈት ከወንበራቸው ሲነሱ ቀነኒሳ ብራስልስ ላይ መሮጥ ቢጀምር፣ ሮጦ ጨርሶ፣ ባንዲራ ለብሶ አንድ ዙር አመስግኖ፣ ለጋዜጠኛም መልስ ሰጥቶ ሲያበቃ እሳቸው ገና "በመጀመሪያ ደረጃ" ላይ ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲደርሱ የሰማ ሰው የለም።

የውጭ መጻሕፍት የሰው ልጅ ከሞት ይልቅ በሕዝብ ፊት ቆሞ መናገርን ይፈራል ይላሉ። እድር የሁለቱንም ጉዳይ ባንድ ቀን ስለሚያይ ነገሩን ለመመዘን የተመቸ ቦታ ነው። እኔ እንዳየሁት የእኛ ሰው ሞትን ይፈራል፣ መናገርን ግን ከቶ አይፈራም። የሚፈራው መቀመጥን ነው። ለአፍ ዳገት የለውም ይባል የለ? አየሩ ሳስቶ ሯጭ እንኳ ጉልበቱን ይዞ በሚያለከልክበት ደጋ ላይ ትንፋሽ ያጠረው ተናጋሪ ታይቶ አይታወቅም።

ስብሰባ የለመደ ሰው የአደጋ ምልክቶቹን ያውቃል። "ብዙም አልናገርም" ያለ ሰው ሲነሳ ጋቢህን ደርብ። "ሰዓታችሁን አልሻማም" ካለ ምሳህ ቀርቷል። "የቀደሙኝ ወንድሜ ያነሱትን ለማጠናከር ያህል" ያለው፣ የቀደመውን ወንድሙን ንግግር ቃል በቃል ሊደግመው ነው፤ ልዩነቱ አሁን ወንድሙ ተቀምጦ በኩራት ራሱን የሚነቀንቅ መሆኑ ብቻ ነው። "ሁለት ነጥብ ብቻ አለችኝ" የሚለው ሰው ሁለተኛዋ ነጥቡ ሀ፣ ለ፣ ሐ የሚባሉ ልጆች ትወልዳለች። "በመጨረሻም" ከአንድ ጊዜ በላይ ይመጣል፤ የመጀመሪያውን ሰምቶ ባርኔጣውን ያነሳ ሰው የዋህ ነው። ይህ ሁሉ አልፎ አጀንዳው ሲዘጋ ደግሞ "ልዩ ልዩ" አለ። ስብሰባው የሚጀመረው ያኔ ነው። የድንኳኑ ቀዳዳ፣ ከለቅሶ ቤት ያልተመለሱት ብረት ድስቶች፣ በቅጣት የተጻፈበት ሰው ይግባኝ፣ የይግባኙ ይግባኝ፤ ሁሉም ልዩ ልዩ ውስጥ ተኝቶ ሲጠብቅ የቆየ ነው።

እንግዲህ በዚህች ከተማ ነው ጥቂት ወጣቶች የንግግር መለማመጃ ክበብ ያቋቋሙት። ወሬው እንደተሰማ ከተማው "ለዓሣ ዋና ሊያስተምሩ ነው" ብሎ ሳቀ።

ሐሳቡ የአንድ የባዮሎጂ መምህር ነው። አዲስ አበባ ሲማር ጓደኛው ጋብዞት ቶስትማስተርስ የሚባል ክበብ ስብሰባ ገብቶ ኖሮ፣ ደንቡን በደብተር ቀድቶ መጣ። ቶስትማስተርስን የመሠረተው ራልፍ ስሜድሊ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ስሜድሊ የወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ሠራተኛ ነበር። ወደ ወወክማ የሚመጡት ወጣቶች ብዙ ነገር ያውቃሉ፣ ቆሞ መናገርና ስብሰባ መምራት ግን አይሆንላቸውም ብሎ ጥቅምት 12 ቀን 1917 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ አና በምትባል ከተማ፣ በወወክማ ሕንፃ ምድር ቤት ሰብስቧቸው ጀመረ። ዛሬ ከ140 በሚበልጡ አገሮች ክበቦች አሉት። የሁሩታዎቹ የዚያ አባል አይደሉም። መዋጮው በዶላር ነው፤ ስለ ዶላር ደግሞ እዚህ ከተማ ውስጥ ከ7 ደቂቃ ባነሰ መናገር የሚችል ሰው የለም። "ደንብ መቅዳት ግን ቀረጥ የለውም" አለ መምህሩ።

ደንቡ ይህ ነው። የተዘጋጀ ንግግር ከ5 እስከ 7 ደቂቃ፣ በድንገት የሚወጣ ርዕስ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ። ሰዓት ያዥ አለ፤ ዝቅተኛው ደቂቃ ሲሞላ አረንጓዴ፣ መሐል ላይ ቢጫ፣ ሲያበቃ ቀይ ካርድ ያነሳል። ከቀዩ በኋላ 30 ሰከንድ ምሕረት ይሰጣል። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ማጨብጨብ ይጀምራል፤ ተናጋሪው እስኪቀመጥ ድረስ አያቆምም። ለእያንዳንዱ ንግግር ገምጋሚ ይመደባል። "እንትን" እና "ማለት ነው" የሚቆጥር ሰው እንኳ አለ።

የሚሰበሰቡት ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት ተኩል፣ አንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ የሄድኩት በኅዳር ነው፤ ስንዴው ገና ከማሳ ያልተነሳበት፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ግን ቀድሞ የደረሰበት ጊዜ። መብራት ሄዷል። (ይህን የምጽፈው እንደ ዜና አይደለም።) ሁለት ሻማ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ በርቷል፤ የአንድ ስልክ መብራት ደግሞ ወደ ሰሌዳው ዞሯል። ሰሌዳው ላይ ከቀን ትምህርት የተረፈ የሴል ክፍፍል ሥዕል አለ፤ ተናጋሪ ሁሉ የሚቆመው ለሁለት ሊከፈል የተዘጋጀ ሴል ጀርባው ላይ አድርጎ ነው። አንድ ሰሃን የገብስ ቆሎ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ሰዓት ያዧ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጠዋት ጠዋት ከሩጫ ቡድን ጋር ትሠራለች፤ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው የሩጫ ሰዓት የአሠልጣኟ ነው። ካርዶቹን ተቀብዬ አየኋቸው። ከብስኩት ካርቶን የተቆረጡ ናቸው፤ በስተጀርባቸው የብስኩቱ ስም ግማሽ ግማሹ ይነበባል። አረንጓዴውና ቢጫው በተማሪ ከለር የተቀቡ ናቸው። ቀዩ ግን በጥፍር ቀለም ነው፤ ሁለት ጊዜ ተደርቦበታል፣ በሻማ ብርሃን ያብለጨልጫል። "ለምን ቀዩ ብቻ?" አልኳት። "አላየሁትም እንዳይሉ" አለችኝ።

የመጀመሪያው ተናጋሪ ዘንድሮ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚያልፍበት ንግግር አለ፣ ራስን ማስተዋወቅ። ልጁ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይጠቅመኛል ብሎ በእንግሊዝኛ ሊያደርገው ቆርጧል። የያዛት ወረቀት ግን ቀድማው መናገር ጀመረች፤ ስትርገፈገፍ ከኋላ ወንበር ይሰማል። አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ሁለተኛውን ፈለገ፣ አላገኘውም። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ቆሎ የሚቆረጥመው ሁሉ መቆርጠሙን አቆመ፤ ይህም ነገሩን አባሰው።

መምህሩ ከተቀመጠበት "በፈለግከው ቋንቋ" አለው።

ልጁ ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ከተተና በኦሮምኛ ጀመረ። ስሙን አለ፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን። አርሲ ሲኮና መንዶ ተብሎ ለሁለት ትልልቅ ወገን የሚከፈል ስለሆነ፣ የእሱ ወገን የቱ እንደሆነ እስኪደርስ ብዙ አባቶች መቁጠር ነበረበት። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ድምፁ እየጠራ መጣ። ሰባተኛው ላይ እጁ ረጋ። ስምንተኛው ላይ ፈገግ ለማለት ሁሉ ሞከረ። ንግግር ዘር ቆጠራ አይደለም የሚል የንግግር መማሪያ መጽሐፍ ሳይኖር አይቀርም። ያን ማታ ልጁን ደግፈው ያቆሙት ግን አያቶቹ ናቸው። ችግሩ አረንጓዴው ካርድ ሲነሳ እሱ ገና አለመወለዱ ነው።

መምህሩ ለፈሪ ሁሉ የሚነግረው አንድ ታሪክ አለው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር መድረክ ላይ ሲወጡ፣ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ከሰገነት በፉጨት ተቀበሏቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ፉጨተኞቹ እስኪወጡ ዝም ብለው ጠበቁና በአማርኛ ጀመሩ። "እናንተ ላይ የሚያፏጭ ሳይኖር ምን ያስፈራችኋል?" ይላል መምህሩ። አንድ ተማሪ "ቲቸር፣ እሳቸው እኮ ንጉሥ ነበሩ" ብሎ መለሰለት አሉ። ለዚህ እስካሁን መልስ አላገኘለትም።

ሁለተኛዋ ተናጋሪ ክበቡ በሙሉ "አዴ" እያለ የሚጠራቸው እናት ናቸው። ስንዴ ያመርታሉ፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ኮሚቴ ውስጥ ተመርጠዋል፤ ወደ ክበቡ ያመጣቸውም ይኸው መመረጥ ነው። የአርሲ ገበሬ በማድመጥ ረገድ የትም አይታማም። ስዊድኖቹ በ1960 ዓ.ም. ካዱ የተባለውን የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ጭላሎ አውራጃ ላይ ከተከሉበት ጊዜ አንስቶ ስለ ዘርና ማዳበሪያ ሲመከር የኖረ ነው፤ ባለሙያ መጥቶ ይናገራል፣ ገበሬው ያዳምጣል፣ ባለሙያው ይሄዳል። አሁን ተራው የአዴ ሆነ፤ ርዕሳቸው "ኮምባይነር" ነበር።

በኦሮምኛ ነው የተናገሩት። ኮምባይነሩ በራሱ ቀን እንደሚመጣ፣ ወረፋውን ደላላ እንደሚያውቀው፣ ዝናብ ሊመጣ ነው ሲባል ወረፋው እንዴት እንደሚገለበጥ ነገሩን። ዋጋው በኩንታል ነው፤ ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ ስንት ኩንታል ወጣ ነው። "እኔ ከኦፕሬተሩ ጋር አልከራከርም" አሉ። "ቡና አፍልቼ አጠጣዋለሁ። እሱ ሲጠጣ እኔ ጆንያ እቆጥራለሁ። ስኒውን ሲመልስልኝ ቁጥሩን እነግረዋለሁ። ቡናዬን ጠጥቶ ውሸታም ነሽ አይለኝም።" ይህን ብለው ተቀመጡ። 5 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፤ ቢጫው ካርድ እንኳ ሳይነሳ። ሰዓት ያዧ ሰዓቷን ስታቆም ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር አሠልጣኝ ጥሩ ሰዓት ያመጣ ልጅ ሲያይ የሚታይበት ዓይነት ነው።

በአጭሩ ተናግሮ መቀመጥ የአዴ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች በ1863 እ.ኤ.አ. ጌቲስበርግ ላይ ለሞቱ ወታደሮቻቸው የመቃብር ቦታ ሲመርቁ የዕለቱ ዋና ተናጋሪ ኤድዋርድ ኤቨረት ነበር፤ ሁለት ሰዓት ተናገረ። ከእሱ ቀጥሎ አብርሃም ሊንከን ተነስቶ ሁለት ደቂቃ ገደማ ተናግሮ ተቀመጠ። የኤቨረትን ስም እዚህ ባልጠራው ስንቶቻችሁ ታስታውሱት ነበር? ኤቨረት ራሱ በማግስቱ ለሊንከን ደብዳቤ ጽፎ፣ እርስዎ በሁለት ደቂቃ የደረሱበት ቁም ነገር አጠገብ እኔ በሁለት ሰዓት በደረስኩ ኖሮ የሚል ቃል ላከለት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከእኛ እድር ሲወጣ አላየሁም።

ድንገተኛው ርዕስ የሚወጣው ከባርኔጣ ነው። የባጃጅ ሹፌሩ እጁን ሰዶ አንድ ብጣሽ ወረቀት አወጣና በስልክ መብራት አነበባት፣ "የጋሪ ፈረስ ስለ ባጃጅ ቢናገር ምን ይል ነበር?" የሁሩታን ጎዳና ጋሪና ባጃጅ እየተጋፉ ስለሚጠቀሙበት ርዕሱ ለእሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። "ያው ፈረስ... እንትን ነው፣ ማለት ነው፣ ፈረስ እንግዲህ ምንድነው፣ ያው እንትን..." እያለ አንዱን ደቂቃ ጨረሳት። ቆጣሪዋ ለእያንዳንዱ "እንትን" አንድ ፍሬ ቆሎ ከሰሃኑ እያነሳች ስኒ ማስቀመጫ ላይ ታደርጋለች፤ የሹፌሩ ክምር ለቁርስ የሚበቃ ሆነ። ቢጫው ሲነሳ ግን ልጁ ድንገት አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከንፈሩን እንደ ፈረስ አርገፈገፈና "እኔ ለቤንዚን ወረፋ ቆሜ አላውቅም!" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሳያባራ ቀዩ ተነሳ። "ቫር ይታይልኝ! የሳቁ ደቂቃ ይጨመርልኝ!" ብሎ ጮኸ። ሰዓት ያዧ ካርዱን አላወረደችም።

የምሽቱ የክብር እንግዳ የእድራችን ዳኛ ነበሩ። ክበቡ የጋበዛቸው ከልቡ ነው፤ በከተማው ከእሳቸው በላይ አንደበተ ርቱዕ የለም። ሰርግ ላይ ቃል ኪዳን ሲያስሩ፣ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ ብታዩአቸው እኔ የምላችሁን ታምናላችሁ። ርዕሱ "እድርና ወጣቱ"፣ ጊዜው 7 ደቂቃ እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። "7 ደቂቃ? ደህና፣ ደህና" ብለው ነበር፤ ሰዎች ስለ ሌላ ሰው ሕመም ሲሰሙ እንደሚሉት።

ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። የክበቡን ሰብሳቢ ሰላም አሉ፣ መምህራንን፣ እናቶችን፣ ወጣቶችን፣ "በሥራ ምክንያት ያልተገኛችሁትን" ጭምር። ቀጥሎ ምርቃት ሆነ። አገሩን፣ ዝናቡን፣ ከብቱን፣ ስንዴውን መረቁ፤ እኛም ከልባችን አሜን አልን፤ ምርቃት እኮ አይቋረጥም። አረንጓዴው ካርድ ተነሳ። በጣም ደስ አላቸው፤ ለልጅቷ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኗት። ቢጫው ሲነሳ በሞት የተለዩንን የእድሩን መሥራቾች በስም እያነሱ ነበር። ለሟቾቹ በቆምንበት ቀዩ ተነሳና በሻማው አብለጨለጨ።

"ልጄ፣ ምን ፈለግሽ?" አሉ።

"አባባ፣ ሰዓት አልቋል።"

"የማን?"

"የእርስዎ።"

"እኔማ ገና መቼ ጀመርኩ" አሉና ዞረው ወደ ሟቾቹ ተመለሱ።

30 ሰከንዱ ሞላ። ጭብጨባው ተጀመረ። ዳኛው ንግግራቸውን አቆሙ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሱ፣ ጭብጨባው እስኪበርድ በትዕግሥት ጠበቁ። ደንቡ ተናጋሪው እስኪቀመጥ አይበርድም ይላል። አጨበጨብን። እሳቸውም ደግመው እጅ ነሱ። ከቅድሙ የበለጠ አጨበጨብን። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በረጅሙ የንግግር ዘመናቸው እንዲህ ያለ አቀባበል የገጠማቸው አይመስለኝም። መዳፋችን ጋለ፤ አዴ ወደ መጨረሻው ላይ መዳፋቸውን እፍ እያሉ ነበር የሚያጨበጭቡት። በመጨረሻ ዳኛው ስሜታቸውን መቋቋም አቅቷቸው ተቀመጡ።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ሁሉም ደስተኛ ሆኖ ይሄድ ነበር። ግን ገምጋሚ አለ። ለእሳቸው የተመደበችው አንዲት ወጣት የፋርማሲ ሠራተኛ ናት፤ አባቷ የእድሩ አባል ናቸው፣ የእሷም ስም ከአባቷ ጋር መዝገብ ላይ አለ። እኛ አገር ታላቅ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ የሚባለው የታወቀ ነው፣ "ሁሉም ተብሏል፣ የምጨምረው የለኝም።" ከዚያ ይጨመራል። እሷ ግን ወረቀቷን ይዛ ተነሳች። እጆቿን ወደኋላ አጣመረች፤ ከአባቷ ጋር የምታወራ ያህል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ጋሼ፣ ድምፅዎ ከኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። ማንንም ሳያዩ አላለፉም። እንደ እርስዎ ያለ የሚያምር ሰላምታ ሰምቼ አላውቅም።" ትንሽ ቆመች። "ንግግሩን ደግሞ ለመስማት በጣም ጓጉተናል።"

ፀጥታው ሻማው ሲንጣጣ የሚሰማበት ዓይነት ነበር። ዳኛው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኛን፣ ቀጥሎ የገዛ እጃቸውን አዩ። ጭብጨባው ምን እንደነበረ የገባቸው ያኔ ይመስለኛል።

"ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው" አሉ። "አባቶቻችን ዋርካ ሥር በካርድ አይደለም የተነጋገሩት።"

እዚህ ላይ እውነት አላቸው፣ ግማሹን። ንግግርን ከአሜሪካ ምድር ቤት አላመጣነውም። በላ ልበልሃ ሙግት ላይ ባላጋራ ከባላጋራ በቃል ሲተጋተግ፣ ቃል የከዳው ሰው ርስቱን ጭምር ነበር የሚያጣው። አርሲ ውስጥ ሴቶች በደል ሲደርስባቸው ስንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው ሲወጡ ሽማግሌ ሳይሰማቸው መመለስ አይችልም። ግን መምህሩ ለግማሹ እውነት መልስ አዘጋጅቶ ኖሮ ተነሳ።

"ጋሼ፣ የገዳ ሥርዓትን ዩኔስኮ የመዘገበው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ አባቶቻችን ግን ስንት መቶ ዓመት ሠርተውበታል። አባ ገዳው ሥልጣን ላይ የሚቆየው ስንት ነው? 8 ዓመት። ጎበዝ ነው፣ አንደበተ ርቱዕ ነው፣ ይጨመርለት አልተባለም፤ 8 ዓመት ሲሞላ ለተተኪው ያስረክባል። ቀይ ካርዱን እኛ ነን የፈጠርነው።"

ቤቱ አጨበጨበ፤ ይሄኛው እውነተኛው ጭብጨባ ነው። ዳኛው ግን የእድር ዳኛ የሆኑት በከንቱ አይደለም።

"አየህ፣ አንተው አልከው" አሉ። "8 ዓመት ነው እንጂ 7 ደቂቃ መቼ ተባለ?"

መልስ የሰጠ የለም። ሰዓት ያዧ እንኳ ሳቀች፤ ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቀጥሎ የመጣው የእድር ስብሰባ ላይ ምን እንደሆነ ለመንገር አጭር እሆናለሁ። (ብዙም አልናገርም ማለቴ አይደለም።) ዳኛው ስብሰባውን ከፈቱ፣ ሰላምታቸውን ሰጡ፣ መረቁ፣ ሟቾችን አሰቡ፤ እንደ ወትሮው። ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ቀይ ካርድ አወጡ። አዲስ ነው፣ ከደንበኛ ወረቀት የተሠራ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለበጠ። "ከዛሬ ጀምሮ" አሉ፣ "በዚህ እድር ማንም ሰው ከ2 ደቂቃ በላይ አይናገርም።" ገንዘብ ያዡ ሂሳቡን ሊያቀርብ ተነስቶ ገና የመዋጮውን ድምር ሲጠራ ካርዱ ተነሳበት። ስለ ብረት ድስቶቹ የጠየቁት እናት ላይም ተነሳ። ልዩ ልዩ የሚባለው ነገር በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩብ ሰዓት አለቀ። የተረፈውን ሰዓት ዳኛው የማጠቃለያ ንግግር አደረጉበት።

በያለበት የእድር፣ የቀበሌ፣ የማኅበርና የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ለምትቀመጡ አንባቢዎች፦ ነገሩን ሞክሩት፣ ወጪ የለውም። ካርቶን በየሱቁ ደጃፍ ይጣላል፤ አንዲት ብልቃጥ የጥፍር ቀለም ስንት ቀይ ካርድ እንደምትቀባ ብታውቁ ትገረማላችሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ካርዱን ለሰብሳቢው እንዳትሰጡት።